ሐይቁ የቱ ሐይቅ ነው? ለፍቅር ልብ ወለድ ደራሲዎች ለተሰጠ ምክር ምላሽ

ለጀማሪ የፍቅር ልብ ወለድ ደራሲዎች ምክር የሚለግስ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር እኔም ዘንድ ደረሰ። የጻፈው ሰው ብዙ ተከታይ ያለው፣ ታሪኮቹን በክፍል በክፍል እያወጣ አንባቢውን «ቀጣዩ መቼ ነው?» የሚያሰኝ ነው። ብዕሩን አልንቅም። ምክሩን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። እንጀራዬ የሰው ረቂቅ ማረም ስለሆነ፣ ዛሬ እሱ የመከረው ነገ የሚወድቀው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ኧረ አሁንም እየወደቀ ነው።

ምክሩ ሲጠቃለል እንዲህ ይላል። የፍቅር ታሪክ አንባቢ የሚፈልገው ስሜት ስለሆነ ቦታው የት እንደሆነ ባይነገር ይሻላል፤ ስም ያልተጠራ ከተማ ለሁሉም ይሆናል። ገጸ ባሕርያቱ አንባቢው የሚመኘውን እንጂ የሚኖረውን ሕይወት መኖር የለባቸውም፤ ቆንጆ፣ ባለገንዘብ፣ ከኑሮ ጣጣ ነፃ ይሁኑ። ፍቅሩን የሚፈትነው ነገር ከውጭ ይምጣ፤ ምቀኛ ጓደኛ፣ የመኪና አደጋ፣ የተሳሳተ ወሬ ይበቃል። ንግግራቸው ከሰፈር ወሬ ከፍ ብሎ ወደ ግጥም ይጠጋ። በመጨረሻም፣ ዝርዝር ማጣራት የታሪክ ተመራማሪ ሥራ ነው፤ የፍቅር ደራሲ ልቡን ያዳምጥ፤ ውጭ አገር በገፍ የሚሸጡትም እንዲሁ ነው የሚጻፉት።

ከቦታው ልጀምር። ረዘም አድርጌ የምከራከረውም እዚህ ላይ ነው።

ጸሐፊው ለሐሳቡ ማሳያ ብሎ ከራሱ ታሪክ አንድ ትዕይንት አቅርቧል። ሴቲቱ አዲስ አበባ ከእናቷ ጋር የምትኖር የባንክ ሠራተኛ ናት። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከሥራ ስትወጣ ፍቅረኛዋ መኪና ይዞ ይጠብቃታል። ከከተማ ይወጣሉ። ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል በረንዳ ላይ ይቀመጡና ፀሐይ ስትጠልቅ እጇን ይይዛታል። ሐይቁ ስም የለውም፤ ከተማውም የለውም። ይህን ያደረገው ሆን ብሎ መሆኑን ይነግረናል፤ የሐዋሳ አንባቢ ሐዋሳን፣ የባሕር ዳሩ ጣናን እያሰበ እንዲያነብ።

እሺ፣ እንሞክረው። ሐይቁ ቢሾፍቱ ነው እንበል። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በፍጥነት መንገዱ ከተገባ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። ሆራ ወይም ባቦጋያ ዳር ተቀምጣ፣ የፀሐይዋን መጥለቅ አይታ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ እናቷ ቤት ልትገባ ትችላለች። ለእናቷ የምትነግራት ውሸት ትንሽ ነው፤ የሥራ ባልደረባዬ ልደት ነበር ብትል ያልቃል። እጇ ሲያዝ የሚሰማት ፍርሃትም የዚያኑ ያህል ትንሽ ነው። ቀልቧ ግማሹ ሰዓቷ ላይ ነው፤ ቃሊቲ ላይ መንገድ ቢዘጋጋስ? ቀኑ ደግሞ ከመስቀል ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ከሆነ ማግስቱ ሆራ ላይ ኢሬቻ ነው፤ ከተማው በሰው ተጥለቅልቆ ባዶ በረንዳ የሚገኝ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ሐዋሳ ይሁን። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኩለ ቀን ላይ ወጥተው እግር በእግር ቢሉ ፀሐይዋን ለጥቂት ይደርሱባታል፤ በዚያው ቀን መመለስ ግን የለም። ማደር አለ። ማደር ካለ ሻንጣ አለ፤ ሻንጣ ካለ «ወዴት ነው?» የምትል እናት አለች። ሆቴሉ በር ላይ መታወቂያ ይመዘገባል። እንግዳ ተቀባዩ ከመዝገቡ ቀና ሳይል «አንድ ክፍል ነው ሁለት?» ሲል፣ ሁለቱም እርስ በርስ ላለመተያየት አንዱ ቁልፍ መስቀያውን፣ ሌላዋ ወለሉን ሲያዩ፣ ከሁለቱ ማን ቀድሞ ይመልሳል? ለእኔ የታሪኩ ትልቁ ትዕይንት ይህ ነው። ፀሐይዋ ብትፈልግ ትጥለቅ፣ ባትፈልግ ትቆይ። በማግስቱ አሞራ ገደል ወርደው የአሳ ሾርባ ሲያዙ፣ አባ ኮዳዎቹ ለጋብቻ ጥያቄ እንደመጡ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ቀብረው ተሰልፈው ሲመለከቷቸው፣ ሴቲቱ መሳቅም መሸማቀቅም ትችላለች። የትኛውን እንደምታደርግ የሚወስነው ማታ የተመለሰው መልስ ነው።

ባሕር ዳር ከሆነስ? በመኪና ሙሉ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ከባንክ ወጥቶ ለፀሐይ መጥለቂያ ጣና ዳር መድረስ የሚቻለው በአውሮፕላን ብቻ ነው፤ እንግዲያው በር ላይ የቆመው መኪና ለምን አስፈለገ? ትኬቱንስ የቆረጠው ማን ነው? ሰውየው ገንዘብ አለው፣ ወይም ተበድሯል፣ ወይም እሷን ማስደመም እስከዚህ ድረስ አስጨንቆታል። ሦስቱም የተለያየ ሰው ናቸው።

ስለዚህ የሐይቁን ስም መጻፍ ጌጥ አይደለም። ርቀቱ ውሸቱን ይወስናል፤ ውሸቱ ፍርሃቱን፤ ፍርሃቱ ደግሞ እጅ የመያዙን ዋጋ። ጸሐፊው ስሙን ሲያጠፋ እወደዋለሁ ያለውን ስሜት ነው አብሮ ያጠፋው።

ዘመን የተሻገሩ የፍቅር ታሪኮች ቦታ አይወስናቸውም ሲልም ጽፏል። የእኛዎቹ ምን ይላሉ? በ1958 የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚከፈተው በፍቅረኞቹ አይደለም፤ ማንኩሳ ላይ፣ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ነው። በዛብህ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ መሆኑ፣ ዲማ ሄዶ ቅኔ መቀኘቱ፣ ያ ትምህርቱ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ መምህር አድርጎ ግቢው ውስጥ ማስገባቱ፣ ሁሉም የጎጃም ሥርዓት ነው። ሰብለ ወንጌልን የሚያገኛት ያ ቤት ስላስገባው ነው፤ ሊያገባት የማይችለውም በዚያው ቤት ምክንያት ነው። ደራሲው ጎጃም ተወልዶ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማረ ሰው ስለነበር የአብነት ተማሪ ምን እንደሚያፍር፣ የባላባት ሚስት ምን እንደምትፈራ ከማንም ጠይቆ መረዳት አላስፈለገውም። በ1975 የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም እንዲሁ ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይወርዳል፤ እዚያ ፊያሜታን ያገኛል። አስመራን አውጡና «አንዲት ከተማ» በሉት እስኪ፤ ጦርነቱ፣ መጠራጠሩ፣ ማን ለማን እንደሚሠራ አለመታወቁ ሁሉ አብሮ ይወጣል። የሚቀረው እጮኛ እያለው ሌላ የወደደ ወንድ ነው፤ እሱማ የትም ሞልቷል።

ጸሐፊው እውነት ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው። ቦታ ማሳየት ማለት መግለጫ መደርደር የመሰላቸው፣ ፍቅረኞቹ ሳይገናኙ የቦሌን መብራትና ሕንፃ ሁለት ገጽ የሚቆጥሩ አሉ። አንባቢ ያንን ይዘለዋል፤ እኔም እሰርዘዋለሁ። መድኃኒቱ ግን ቦታውን መሰረዝ አይደለም። ሰዎቹ የሚነኩትን፣ የሚከፍሉበትን፣ የሚደበቁበትን ማስቀረት ነው።

መደበቅ ካልኩ አይቀር፣ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን የሚሆኑበት ቦታ ማግኘት ራሱ የታሪክ ግማሽ ነው። እሱ ሰው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቷል። አከራይዋ እትዬ ቤቱን ሲያከራዩት «ሰው ማመላለስ የለም» ብለውታል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የግቢው በር ይቆለፋል፤ ወደ ክፍሉ የሚወስደው መንገድ በሳቸው መስኮት ሥር ነው። እሷ እናቷ ቤት ናት። ካፌ ውስጥ የአጎት ልጅ አይጠፋም። እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል የሚሆነው ነገር የሚሆነው በታክሲ ኋላ ወንበር ነው፣ በዝናብ ምክንያት በተጠጉበት የሱቅ ጥላ ሥር ነው፣ ከቅዳሴ መልስ ባለች አሥር ደቂቃ ነው። በረቂቆች ውስጥ የማያቸው ፍቅረኞች ግን ሁሌም ሰፊ አፓርታማ አላቸው። ያ አፓርታማ የደራሲውን ድካም ይቀንስለታል፤ ትዕይንቱንም አብሮ ይገድለዋል።

ቦታ በደንብ ሲሠራ ምን እንደሚመስል አንድ ላሳይ። የአንዲት ጀማሪ ደራሲ ረቂቅ ነው። ባለታሪኳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ሊፍት የለም። ውሃ በፈረቃ ነው፤ በመጣበት ሌሊት ደግሞ ግፊቱ ላይ ድረስ አይደርስም። ገና «እወድሻለሁ» ያላላት ልጅ ከታች ያለውን ቧንቧ ተሰልፎ፣ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በሁለት እጁ ይዞ ይወጣል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያሳርፋል፤ ሦስተኛው ላይ ያሳርፋል። እሷ በሩን ከፍታ ቆማለች፤ የምትሰማው ጄሪካኑ ደረጃውን ሲነካ የሚያሰማውን ድምፅና ትንፋሹን ነው። ሲደርስ «የት ላስቀምጠው?» አላት። ሌላ አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ደራሲዋ ሰውየው ይወዳት እንደሆነ ልትነግረኝ አላስፈለጋትም። እኔም በዚያ ገጽ ላይ አንድ ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው የነካሁት።

ወደ ገጸ ባሕርይ ልለፍ። ውበታቸው ላይ ጠብ የለኝም፤ ቆንጆ ሰው አገር ሙሉ አለ፣ ቁንጅና የቤት ኪራይ አያስቀርም እንጂ። እኔ ጋ የሚመጡት ወንዶች ግን ግማሾቹ ሐኪም፣ ግማሾቹ ባለሀብት ናቸው። ሁሉም ቪ8 ይነዳሉ። ሐኪሙ ተረኛ ሆኖ አያውቅም፤ ባለሀብቱም ምን እንደሚነግድ አይታወቅም።

ሐኪም ይሁን፤ ግን ከምሩ ሐኪም ይሁን። ገና ጀማሪ ከሆነ ዲዩቲ አድሮ የመጣ ሰው ነው፤ ሻይ ቤት ቀጥሯት ስኳሩን እያማሰለ ያንቀላፋል። እሷ ሰለቸሁት ብላ ታስባለች። ደግሞ ለብዙ ዓመታት ተመራቂ ሐኪሞች የሚመደቡት በዕጣ ነበር። ታሪኩ በዚያ ዘመን ከሆነ አንድ ወረቀት ተስቦ ጎዴ ወይም ጋምቤላ ሊወጣለት ይችላል። ፍቅረኛው አዳራሹ በር ላይ ቆማ፣ እሱ ከውስጥ ሲወጣ ፊቱን አይታ ሳይነግራት ታውቃለች። ጸሐፊው ያዘዘልን ምቀኛ ጓደኛ ከዚህ ዕጣ የከፋ ምን ሊሠራ ይችላል?

የባንክ ሠራተኛዋንም ልመለስባት። «የባንክ ሠራተኛ ናት» ከተባለ በኋላ ባንኩ ተረሳ። ገንዘብ ከፋይ ናት እንበል። ቀኑን ሙሉ የሰው ብር ስትቆጥር ትውላለች፤ ማታ እጇ ላይ ያለው ጥሬ ገንዘብ ከሲስተሙ ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ትቆጥራለች፣ ደግማ ትቆጥራለች፤ ካልተገኘ ጉድለቱን ከደመወዟ ትተካለች። ከዚያው ደመወዝ ላይ የታናሽ ወንድሟ የኮሌጅ ክፍያ አለ፣ የእናቷ የደም ግፊት መድኃኒት አለ፣ በየወሩ የምትጥለው ዕቁብ አለ። ይህች ሴት ቅዳሜ ከሰዓት እጇ ሲያዝ መጀመሪያ ትዝ የሚላት መዳፏ ሊሆን ይችላል። የአሮጌ ብር ሽታ በሳሙና ቶሎ አይለቅም። እጇን ሰብሰብ ልታደርግ ትችላለች፤ እሱ ደግሞ እንዳልፈለገችው ሊመስለው ይችላል። እዚህ ላይ ሰው አለ። «ረጅም፣ ጠይም፣ ዓይኗ የሚያፈዝ» ሲባል ግን ፎቶ ነው ያለው።

አንባቢ ከኑሮው ማምለጥ ይፈልጋል የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ እውነትም አለበት። መገናኛ ሰልፍ ላይ ቆማ በስልኳ የምታነብ ልጅ ስለ ሰልፍ ማንበብ አትፈልግ ይሆናል። ነገር ግን የምትመኘው ፍቅር እሷን ባለችበት የሚያገኛትን ነው። ባለታሪኳ ሰልፍ የማታውቅ ከሆነች፣ ያ ሁሉ መወደድ ለሌላ ሰው የተደረገ ነው፤ አንባቢዋ ሠርጉን በመስኮት የምታይ ጎረቤት ሆና ትቀራለች።

ሦስተኛው፣ እንቅፋቱ ከውጭ ይምጣ የሚለው፣ ከሁለተኛው የተወለደ ነው። ሰዎቹን ከሥራ፣ ከዕዳ፣ ከቤተሰብ ካላቀቅናቸው የሚያጋጫቸው ነገር ስለማይኖር መኪና መገልበጥ ግድ ይሆናል። ሰሞኑን ያነበብኳቸው ረቂቆች ውስጥ የተገለበጠውን መኪና ብዛት ትራፊክ ፖሊስ ቢሰማ ያዝናል። የባንኳን ልጅ ሥራ የሚያውቅ ደራሲ ግን እንዲህ ያደርጋል። ማክሰኞ ማታ ሂሳቡ አልገጠመም። ስልኳ መሳቢያ ውስጥ ነው። እሱ ከባንኩ ፊት ለፊት ያለ ካፌ ውስጥ ሁለተኛውን ማኪያቶ አዝዟል፤ ሲደውል አይነሳም። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ዓይኗ ቀልቶ፣ አንድ ወንድ የሥራ ባልደረባዋ እያጽናናት ስትወጣ ያያታል። ምቀኛ የለም፤ ወሬ አቀባይ የለም። እሷ ደግሞ 3 ሺህ ብር አጉድዬ ነው ብላ ልትነግረው ታፍራለች፤ ገንዘብ የምትጠይቀው እንዳይመስለው። እነዚህን ሁለት ሰዎች የሚለያያቸው ክብራቸው ነው።

ቤተሰብንም እንዲሁ። ሽማግሌ ተልኮ «የማን ልጅ ነው?» ተብሎ ሰባት ቤት ሲቆጠር አምስተኛው ላይ ዘመድ ሆነው የተገኙ ፍቅረኞች ታሪክ በየሰፈሩ አለ። አንዷ ጴንጤ፣ አንዱ ኦርቶዶክስ ሆነው ሠርጉ የት ይሁን በሚል ዓመት የፈጀባቸውም አሉ። የእናት ዝምታ ከየትኛውም ክፉ ገጸ ባሕርይ ይከብዳል። እናትየውም ክፉ አይደሉም፤ የተሰማቸውን ደራሲው ከገባው ታሪኩ ይበልጥ ያማል።

የባሕር ማዶ ፍቅርም በየረቂቁ ይመጣል፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወንድ አዲስ አበባ ያለችውን «ቪዛ ልኮላት» በሚቀጥለው ምዕራፍ አውሮፕላን ማረፊያ አበባ ይዞ ይቀበላታል። የአሜሪካ የእጮኛ ቪዛ እንዲህ አይሠራም። ጠያቂው ዜጋ መሆን አለበት፤ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው በዚህ መንገድ እጮኛ ማስመጣት አይችልም፤ ዜግነት ለመጠየቅ ደግሞ በተለምዶ ግሪን ካርድ ካገኘ 5 ዓመት መቆየት ይኖርበታል። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ ሁለቱ በአካል መገናኘታቸውን ማስረዳት አለባቸው። እሷ ከገባች በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ካልተጋቡ መመለስ ነው። ጸሐፊው ይህን ሲሰማ ቢሮክራሲ ይለው ይሆናል። እኔ የሚታየኝ ግን ሌላ ነው። በስልክ ለዓመታት የተዋደዱ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ እሱ ሌሊት እየሠራ፣ እሷ በረዶ በመስኮት እያየች፣ ሰውየው በስልክ የምታውቀው ሰው መሆኑንና አለመሆኑን ለመወሰን 90 ቀን ብቻ አላት። ይህን ሕግ ደራሲ ቢፈጥረው ኖሮ «በጣም ድራማ አበዛህ» ተብሎ ይተች ነበር።

ስለ ንግግር ብዙ አልልም። ፍቅረኞች በግጥም ይነጋገሩ የሚለው ምክር የሚፈርሰው ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ሴት እመቤቲቱ ከተኙ በኋላ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ በኢሞ ስትደውል ትንሾካሾካለች፤ የምትለውም «ልጆቹ ተኙ?»፣ «እማዬ ብሩ ደረሳት?» ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ «ስትደርሺ ደውይልኝ» የሚለውን ያህል ፍቅር የተሸከመ ዓረፍተ ነገር አላውቅም። ቀሪ ሂሳብ የሌለው ልጅ ሚስድ ኮል አድርጎ ሲዘጋ፣ ያቺ አንድ ጩኸት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ግጥሙን አንባቢ ራሱ ይጨምርበታል። ደራሲው ከጨመረው ግን ለአንባቢ የሚተርፈው የለም።

የቀረው ጥናት አያስፈልግም የሚለው ነው። በሙያዬ ብዙ ቀለም ያፈሰስኩበት ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ብነጫነጭ ይቅር ይባልልኝ። ጾመኛ ናት የተባለች ባለታሪክ ረቡዕ ቀን ክትፎ ትጋበዛለች። (በበዓለ ሃምሳ ከሆነ ትክክል ነው፤ ደራሲው ይህን ቢያውቅ ኖሮ ምን ያህል ደስ ባለኝ!) የኦርቶዶክስ የተክሊል ሠርግ በሁዳዴ መሐል፣ መጋቢት ላይ ይደገሳል፤ አገሩ ሁሉ ለምን ጥር ላይ እንደሚሞሸር ማንም አልጠየቀም። «ማታ 7 ሰዓት እራት» ይቃጠራሉ፤ ያ በእኛ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት አልፎ አንድ ሰዓት ነው፣ እራት ሳይሆን ጅብ ነው የሚያገኛቸው። መስከረም ላይ ቅጠል ይረግፋል፤ አደይ አበባው የት ገባ? ከሁሉ የማይረሳኝ በ1998 ዓ.ም. የተቀመጠ ታሪክ ነው፤ ፍቅረኞቹ ሌሊቱን ሙሉ በስልክ አጭር መልእክት ሲጻጻፉ ያድራሉ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር መልእክት ተቋርጦ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ የተከፈተው ሚሊኒየሙ አካባቢ ነበር። በዚያን ጊዜ ወጣት የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ደራሲው ግን የተዘጋውን ቢያውቅ ኖሮ የተሻለ ታሪክ ይኖረው ነበር፤ መጻፍ የማይችሉ፣ ለመደወል ብር የሌላቸው፣ ስለዚህ ወረቀት አጥፈው በታናሽ እህት እጅ የሚላላኩ ሁለት ልጆች።

ውጭ አገር የሚሸጡት ያለ ጥናት ነው የሚጻፉት ማለቱም ልክ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በነበረው የእንግሊዝ መኳንንት ዓለም ውስጥ የሚቀመጠውን የፍቅር ልብ ወለድ ዘውግ ያቆመችው ጆርጄት ሄየር የልብሱን፣ የሠረገላውን፣ የዘመኑን አራዳ ቋንቋ እየለቀመች ማስታወሻ ደብተር ትሞላ የነበረች ደራሲ ናት። የዚህ ዘውግ አንባቢዎች ዛሬም የአንድ መስፍን ልጅ በተሳሳተ ማዕረግ ቢጠራ ደራሲውን አይምሩትም። ሽፋኑ ላይ የተቃቀፉትን ጥንዶች ብቻ አይቶ ውስጡም እንዲሁ ባዶ ነው ብሎ መደምደም የሰውን ድካም መካድ ነው።

አንባቢ እንዲህ ያለውን አያስተውልም የሚለውም አለ። ጸሐፊው የራሱን አንባቢዎች አስተያየት ቢያነብ መልሱን ያገኝ ነበር። ባለፈው አንዱ ክፍል ላይ ባለታሪኳን ከመርካቶ በአንድ ታክሲ በቀጥታ ሰሚት አድርሷት ነበር፤ ከሥሩ «መገናኛ ሳትወርድ እንዴት?» የሚል መዓት ወርዶበታል። እነዚያ ሰዎች ነቃፊ አይደሉም፤ በየቀኑ በዚያ መንገድ የሚሄዱ፣ ታሪኩን አምነው ሲከተሉ እግራቸው የተሰናከለባቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን መሳም በሙሉ ልባቸው ያነበቡት አይመስለኝም።

ጥናት ሲባል ቤተ መጻሕፍት መቀመጥ የመሰለው ካለ ደግሞ፣ ለፍቅር ልብ ወለድ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር አንድ ማኪያቶ ጋብዞ የሚገኝ ነው። ነርሷ፣ ወያላው፣ ገንዘብ ከፋይዋ፣ ከአረብ አገር የተመለሰችው እህት ስለ ሥራቸው የሚጠይቃቸው ሰው ስለሌለ አንዴ ከጀመሩ አያቆሙም። ስትጠይቋቸው ስለ ፍቅር አትጠይቁ፤ ፊልም ላይ ያዩትን ነው የሚነግሯችሁ። ስንት ሰዓት ትወጫለሽ? ስልክሽን የት ታስቀምጫለሽ? ደመወዝ ሲወጣ መጀመሪያ ለማን ትልኪያለሽ? ቤትሽ ሲመሽብሽ ማን ነው በር የሚከፍትልሽ? ብላችሁ ጠይቁና ጻፉ።